ቢሮው ሲዘጋ የሚሠራው የስልክ መስመር
የድርጅት ስልክ ከሌቦች እንዴት ይጠበቃል?

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ኖርክሮስ በምትባል ከተማ የሚገኝ አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ እ.ኤ.አ. በማርች 2014 በአንድ የሳምንት መጨረሻ ብቻ 166 ሺህ ዶላር የስልክ ሂሳብ ተቆለለበት። ቢሮው ሰባት ሠራተኞች ብቻ የነበሩት ሲሆን በእነዚያ ቀናት አንዳቸውም በሥራ ላይ አልነበሩም። ጥሪዎቹ የተደረጉት ወደ ጋምቢያ፣ ወደ ሶማሊያና ወደ ማልዲቭስ ሲሆን፣ ቢሮው ለአሜሪካ የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ባቀረበው አቤቱታ ይህን ያህል ሂሳብ በመደበኛ ሥራው ለማድረስ 34 ዓመት ይፈጅበት እንደነበር ገልጿል። ይህ ማለት የቢሮው የወር ሂሳብ ከ400 ዶላር ብዙም የማይርቅ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ቢሮ መስኮት አልተሰበረም፤ ካዝናም አልተነካም። የተሰረቀው የስልክ ማዞሪያው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስርቆት በዓለም ላይ አዲስ አይደለም፤ ሆኖም የድርጅት ስልኮች ከመዳብ ሽቦ ወጥተው በኢንተርኔት መስመር ላይ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ሌባው ወደ ቢሮው መምጣት ቀርቶ አገሩን መልቀቅ እንኳ አያስፈልገውም። ሥራው በስልክ የሚካሄድ ነጋዴ፣ ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ደላላ፣ ቅርንጫፎቹን በአንድ ማዞሪያ ያስተሳሰረ ባለሀብት ሁሉ ይህን ስርቆት አሠራሩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

በመጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ሌባው በሰው ስልክ በመደወሉ ምን ያተርፋል የሚለው ነው። መልሱ ያለው በደቂቃ ከፍተኛ ሂሳብ በሚያስከፍሉ ቁጥሮች ላይ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ቁጥሮችን በኢንተርኔት የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። ቁጥሩ ሲደወል ደዋዩ በደቂቃ ከ1 ዶላር በላይ ሊከፍል ይችላል፤ ቁጥሩን የተከራየውም ሰው ከዚያ ላይ ድርሻ ያገኛል። ይህ ድርሻ በደቂቃ እስከ 24 ሳንቲም ይደርስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጡ ዘገባዎች ያመለክታሉ።

እንግዲህ ሌባው አስቀድሞ ቁጥሩን ይከራያል። ቀጥሎ የአንድን ድርጅት ማዞሪያ ሰብሮ ይገባና ማዞሪያው ወደ ራሱ ቁጥር ያለማቋረጥ እንዲደውል ያዘዋል። ጥሪው ብዙ ጊዜ ተደወለበት ወደተባለው አገር ሳይደርስ በመሃል ይቀራል፤ ሂሳቡ ግን ከአንዱ የስልክ ኩባንያ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይቆጠራል። ሌባው ድርሻውን ተቀብሎ ሲሄድ የተሰረቀው ድርጅት ጉዳዩን የሚሰማው የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ነው። ነገሩ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይሆናል።

ይህ የጥቂት ጎረምሶች ጨዋታ እንዳልሆነ የፍርድ ቤት መዝገቦች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የፓኪስታን ዜጋ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን አምኗል። በክሱ እንደተመለከተው ግብረ አበሮቹ በአሜሪካ ያሉ ድርጅቶችን ማዞሪያዎች እየሰበሩ ሠራተኛ ያልተመደበባቸውን የውስጥ መስመሮች ይፈልጉ ነበር። ካገኙ በኋላ በእነዚያ መስመሮች ወደ ራሳቸው ቁጥሮች ያስደውላሉ። የተከሳሹ ድርሻ ገንዘቡን ማሰራጨት ሲሆን በእጁ ያለፈው 19.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የአራት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

የሁለት ቀን ተኩል ስሌት

ጉዳቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያድግ ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት መሥራት ይበቃል። ኢ-1 የሚባለው የድርጅት የስልክ መስመር በአንድ ጊዜ 30 ጥሪ ያስተናግዳል። አንድ ድርጅት ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ዘግቶ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቢከፍት በመካከሉ 62 ሰዓት ያልፋል። ሌባው ሠላሳውንም መስመር ይዞ ቢደውል 62 ሰዓት በ60 ደቂቃ፣ ያም በ30 መስመር ሲባዛ 111,600 ደቂቃ ይሆናል። ደቂቃው አንድ ዶላር ነው ብንል ኪሳራው 111,600 ዶላር ነው ማለት ነው።

ይኸው ድርጅት ማዞሪያውን “ወደ ውጭ አገር በአንድ ጊዜ ከሁለት ጥሪ በላይ አይወጣም” ብሎ አስገድቦ ቢሆን ኖሮ የሚባክነው 7,440 ደቂቃ ብቻ ይሆን ነበር። “ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ ውጭ አገር አይደወልም” ብሎ ቢዘጋው ደግሞ በእነዚያ 62 ሰዓታት ምንም አይወጣም። ሁለቱም የቅንብር ለውጦች የሚሠሩት በማዞሪያው ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዕቃ መግዛት አይጠይቁም። ነገሩን የሚያስቆጨውም ይህ ነው።

ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

በባንክ ካርድ ላይ ስርቆት ሲፈጸም በብዙ አገሮች ባለካርዱን የሚጠብቅ ሕግ አለ። በአሜሪካ ለምሳሌ ያለፈቃዱ ለተወሰደበት የክሬዲት ካርድ ገንዘብ ባለካርዱ የሚጠየቀው ቢበዛ እስከ 50 ዶላር ነው። ለድርጅት ስልክ ግን በዚያው አገር እንዲህ ዓይነት ሕጋዊ ከለላ የለም። ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ያልተለመደ ጥሪ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ስላላቸው አንዳንድ ጊዜ ሂሳቡን ይሰርዛሉ፤ ትንንሾቹ ግን እነርሱም ለሌሎች ኩባንያዎች መክፈል ስለሚገባቸው ደንበኛውን ይጠይቃሉ።

ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የስልክ ኩባንያው “ጥሪው የወጣው ከእናንተ ማዞሪያ ነው፤ ማዞሪያው ደግሞ የእናንተ ንብረት ነው” ይላል። ደንበኛው “እኛ አልደወልንም” ይላል። ስለሆነም ባለድርጅቱ መስመሩን ከሚሰጠው ኩባንያ ጋር የተፈራረመውን ውል አውጥቶ፣ በስርቆት ለተደረገ ጥሪ ማን እንደሚጠየቅ የሚናገረውን አንቀጽ ማንበብ ይኖርበታል። አንቀጹ ግልጽ ካልሆነ ችግር ሳይመጣ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል።

ሌባው በየት በኩል ይገባል?

የመጀመሪያው በር የድምፅ መልዕክት ሳጥን ነው። በብዙ ቢሮዎች የሳጥኑ የሚስጥር ቁጥር ፋብሪካው እንደሰጠው 0000 ወይም 1234 ሆኖ ይቀራል፤ አለዚያም የውስጥ መስመሩ ቁጥር ራሱ ይሆናል። ሌባው በሌሊት ይደውልና እነዚህን ይሞክራል። ከገባ በኋላ ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር የማስተላለፊያውን ትዕዛዝ ተጠቅሞ መስመሩን ወደፈለገው አገር ያዞረዋል። ባለአራት አሃዝ የሚስጥር ቁጥር ሊኖረው የሚችለው 10 ሺህ ዓይነት ብቻ ነው። ማዞሪያው ከጥቂት ስህተት በኋላ የማይቆልፍ ከሆነ ኮምፒውተር ሁሉንም ለመሞከር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁለተኛው በር ሠራተኛ ከውጭ ሆኖ በቢሮው ስልክ በኩል እንዲደውል የሚፈቅደው አገልግሎት ነው። ይህ አገልግሎት በመስክ ለሚሠሩ ሰዎች የታሰበ ቢሆንም ቁጥሩንና የሚስጥር ኮዱን ያወቀ ሁሉ ይጠቀምበታል። ብዙ ድርጅቶች ይህ አገልግሎት በማዞሪያቸው ላይ ክፍት መሆኑን እንኳ አያውቁም።

ሦስተኛው በር ኢንተርኔት ነው። በኢንተርኔት የሚሠሩ ስልኮች አብዛኞቹ ሲፕ በሚባል ስምምነት የሚነጋገሩ ሲሆን የተለመደው መግቢያቸው ቁጥሩ 5060 የሆነው ፖርት ነው። ይህን ፖርት ለዓለም ሁሉ ክፍት ያደረገ ማዞሪያ በኢንተርኔት ላይ ሳያቋርጡ የሚያስሱ ፕሮግራሞች ዘንድ ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ 100፣ 101፣ 102 እያሉ የውስጥ መስመሮችን መቁጠርና የይለፍ ቃላቸውን መገመት ይጀመራል።

አራተኛውና በአሁኑ ጊዜ በጣም የሚያሳስበው በር የማዞሪያው የአስተዳደር ገጽ ነው። ማዞሪያውን የተከለው ቴክኒሻን ከቤቱ ሆኖ ለመጠገን እንዲመቸው ገጹን በኢንተርኔት ላይ ክፍት ትቶት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ፍሪ ፒ.ቢ.ኤክስ በተባለውና በብዙ አገሮች በሚሠራበት የማዞሪያ ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ የአስተዳደር ገጻቸው ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ ማዞሪያዎች ተሰብረዋል። የቀዳዳው አደገኛነት ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው ሲሆን፣ የጥገና ማሻሻያው ከመውጣቱ ቀደም ብሎ ሰርጎ ገቦቹ ሥራ ጀምረው ነበር። ገጹን ለውጭ ዘግተው የያዙ ድርጅቶች ግን በዚህ መንገድ አልተደረሰባቸውም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ቼክ ፖይንት የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኩባንያ ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 1,200 የሚጠጉ ድርጅቶች በተመሳሳይ ሶፍትዌር ላይ በነበረ ሌላ ቀዳዳ እንደተጠቁ አስታውቋል።

የገበያ ፕሮግራሙ ያስገባው ሌባ

ለደላሎችና ለገበያ ተዋናዮች ልዩ ትምህርት የሚሆነው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የተፈጠረው ነው። ስሪ ሲ ኤክስ የተባለው ኩባንያ ለድርጅቶች በኮምፒውተር ላይ የሚጫን የስልክ ፕሮግራም ያቀርባል። በዚያን ጊዜ ከ600 ሺህ በላይ ደንበኛ ድርጅቶችና በየቀኑ 12 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች እንዳሉት ይገልጽ ነበር። ኩባንያው በመደበኛ አሠራሩ የላከው ማሻሻያ ውስጥ መረጃ የሚሰርቅ ፕሮግራም ተደብቆ ተገኘ። ማሻሻያው የኩባንያው ሕጋዊ ዲጂታል ፊርማ ያረፈበት ስለነበር ደንበኞች የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበረም።

ምርመራውን ያካሄደው ማንዲያንት የተባለው ድርጅት በደረሰበት ውጤት፣ ሌቦቹ ወደ ስልክ ኩባንያው የገቡት በአንድ ሠራተኛ የግል ኮምፒውተር በኩል ነበር። ሠራተኛው እ.ኤ.አ. በ2022 ኤክስ ትሬደር የተባለ የወደፊት ግብይት መገበያያ ፕሮግራም ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙን ያወጣው ድርጅት አገልግሎቱን በ2020 ያቋረጠው ቢሆንም ፕሮግራሙ ከድረ ገጹ ላይ አልወረደም ነበር፤ ሌቦቹም አስቀድመው በክለውት ኖረዋል። ማንዲያንት ድርጊቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ግንኙነት ያላቸው ቡድኖች እንደፈጸሙት ገልጿል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የገበያ ዋጋ የሚታይበት፣ የባንክ ሥራ የሚከናወንበትና ስልክ የሚደወልበት ኮምፒውተር አንድ ከሆነ፣ በአንዱ የገባ ሌባ ለሌሎቹም ይደርሳል። ሁለተኛው፣ አገልግሎቱ የተቋረጠ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ መኖር የለበትም። ተንከባካቢ የሌለው ፕሮግራም ቀዳዳው ቢገኝም የሚደፍንለት ሰው የለም።

ንግግር ሰራቂዎችና ድምፅ አስመሳዮች

ከሂሳብ ስርቆት ሌላ የንግግር ስርቆት አለ። በኢንተርኔት የሚሄድ የስልክ ንግግር ካልተመሰጠረ በመሃል ያለ ሰው ቀድቶ ሊሰማው ይችላል። የዋጋ ድርድር፣ የጨረታ ሐሳብ፣ የደንበኛ የግዢ ትዕዛዝ በስልክ ለሚነጋገር ድርጅት ይህ ከሂሳቡ የከበደ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የጥሪውንም የድምፁንም ምስጠራ ማሠራት ነው። አዳዲሶቹ ማዞሪያዎች ሁለቱንም ይችላሉ፤ ሆኖም በብዙ ተከላ ላይ ጠፍተው ይቀራሉ። ንግግር የሚቀዳ ድርጅትም ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚከፍተው መወሰን አለበት።

ሌላው አደጋ የሚደወልበትን ቁጥር አስመስሎ መደወል ነው። በስልኩ መስኮት ላይ የባንኩ ቁጥር ወይም የሥራ አስኪያጁ ስም ታየ ማለት ደዋዩ እርሱ ነው ማለት አይደለም። ድምፅም ቢሆን ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ የአንድ የኢነርጂ ድርጅት ኃላፊ በጀርመን ካለው የእናት ኩባንያው አለቃ ጋር የተነጋገሩ መስሏቸው 220 ሺህ ዩሮ እንዲተላለፍ አድርገዋል፤ ድምፁ በኮምፒውተር የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በሆንግ ኮንግ የአንድ ዓለም አቀፍ የምህንድስና ድርጅት ሠራተኛ፣ በተጭበረበረ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ የአለቆቹን መልክና ድምፅ አይቶ ወደ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላልፏል።

ለዚህ የሚበጀው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። በስልክ የመጣ የገንዘብ ትዕዛዝ ስልኩ ተዘግቶ፣ ቀድሞ በመዝገብ ላይ ወደሚታወቀው ቁጥር ተመልሶ ሳይደወል አይፈጸም። ደዋዩ “አሁኑኑ፣ ሳይዘገይ፣ ለማንም ሳይነገር” ካለ ይኸው ራሱ የማጭበርበር ምልክት ነው። ቁጡ አለቃ ቢሆንም ደንቡ ለእርሱም መሥራት አለበት። ሠራተኛው መልሶ በመደወሉ እንደማይወቀስ ከወዲሁ ካልተነገረው ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ባለድርጅቱ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ በማዞሪያው ላይ ያሉት የውስጥ መስመሮች ሁሉ ተቆጥረው ይመዝገቡ። ባለቤት የሌለው መስመርና የተሰናበተ ሠራተኛ የድምፅ ሳጥን ይዘጋ። ከላይ እንደታየው ሌቦች አስቀድመው የሚፈልጉት እነዚህን ነው።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካው የሰጠው የይለፍ ቃል ሁሉ ይለወጥ። የድምፅ ሳጥን ቁጥር ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይሁን። የኢንተርኔት ስልኮች የይለፍ ቃል ግን ሰው የሚያስታውሰው ሳይሆን ማሽን ያወጣው ረጅም ቃል ቢሆን ይሻላል፤ ስልኩ ላይ አንድ ጊዜ ስለሚሞላ ማስታወስ አያስፈልግም። ከጥቂት ስህተት በኋላ የሚቆልፈው ቅንብርም ይሠራ።

ሦስተኛ፣ ድርጅቱ የሚደውልባቸው አገሮች ይዘርዘሩ። ከዱባይ፣ ከጓንጁና ከኢስታንቡል ጋር የሚሠራ አስመጪ ወደ ማልዲቭስ የሚያስደውለው ጉዳይ ከሌለው ያ መስመር ይዘጋ። መዝጊያው በማዞሪያው ላይ ብቻ ሳይሆን መስመሩን በሚሰጠው ኩባንያ በኩልም ቢደረግ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ማዞሪያውን የሰበረ ሌባ በማዞሪያው ላይ ያለውን እገዳ ሊያነሳ ይችላል፤ በኩባንያው ዘንድ ያለውን ግን አይነካውም።

አራተኛ፣ የገንዘብ ጣሪያ ይደረግ። በቅድሚያ ክፍያ የሚሠራ የውጭ አገር ጥሪ ኪሳራው ከተከፈለው ሂሳብ አያልፍም። በወር መጨረሻ የሚከፈል ከሆነም ዕለታዊ ጣሪያና ሲደርስ የሚያስጠነቅቅ መልዕክት ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ የአስተዳደር ገጹና የስልክ ፖርቶቹ በፋየርዎል ይከለሉ። ከውጭ የሚሠራ ቴክኒሻን ወይም ሠራተኛ ቢኖር በተመሰጠረ የግል መስመር ይግባ። ስልኮቹም ከሌሎች ኮምፒውተሮች በተለየ የኔትወርክ ክፍል ይሁኑ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ ድምፅና ዳታ እንዲለያዩ መክሯል፤ ምክሩ እስካሁን አላረጀም።

ስድስተኛ፣ ማዞሪያውን ከተከለው ባለሙያ ጋር የጥገና ውል ይኑር። በውሉ ላይ ማሻሻያ በየስንት ጊዜ እንደሚጫን፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በማን እጅ እንደሚቆይና ባለሙያው ሲለወጥ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ርካሽ ተከላ ያለ ጥገና ውድ ተከላ ነው።

ሰባተኛ፣ የጥሪ መዝገቡን የሚያይ ሰው ይመደብ። ሰኞ ጠዋት አሥር ደቂቃ ሰጥቶ የቅዳሜንና የእሁድን ጥሪዎች መመልከት ይበቃል። ሌቦች ብዙ ጊዜ ከትልቁ ዘረፋ በፊት አንድ ሁለት አጫጭር የሙከራ ጥሪ ያደርጋሉ፤ መዝገቡን የሚያይ ሰው ያን ጊዜ ይነቃል።

ስምንተኛ፣ መጠባበቂያ መስመር ይኑር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ቮይፕ.ኤም.ኤስ የተባለው የካናዳ የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያ በጥያቄ ብዛት ተጨናንቆ አገልግሎቱ ለቀናት ሲታወክ፣ አጥቂዎቹ ለማቆም ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። ደንበኞቹ ምንም ሳያጠፉ ስልካቸው ተቋረጠ። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ደንበኞች የሚያገኙት የሞባይል ቁጥር በሌላ ኩባንያ በኩል ቢኖር ገበያው አይቆምም።

አደጋው ከደረሰ

ሌባው በመስመሩ ላይ እያለ ከተደረሰበት የመጀመሪያው ሥራ ለስልክ ኩባንያው ደውሎ የውጭ አገር ጥሪን ማስዘጋት ነው። በየደቂቃው የሚቆጠረው ገንዘብ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቀጥሎ ማዞሪያው ከኢንተርኔት ይነቀል፤ ነገር ግን አይጥፋ፣ መዝገቡም አይሰረዝ። ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው ማስረጃ በውስጡ ስለሚገኝ ባለሙያ እስኪገለብጠው ይቆይ። ከዚያም የይለፍ ቃሎች ሁሉ ይለወጡ። ሌባው ለራሱ የከፈተው አዲስ የውስጥ መስመር ወይም አዲስ የአስተዳዳሪ ስም ሊኖር ስለሚችል ማዞሪያውን ከንጹሕ ቅጂ እንደገና መጫን ይመረጣል።

ለስልክ ኩባንያው የሚቀርበው አቤቱታ በጽሑፍ፣ ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ፣ ሂሳቡ ሳይከፈል በፊት ይሁን። ለፖሊስም ማመልከት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንና መረጃን በመሃል መጥለፍን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። በኢንተርኔት የሚሠራ ማዞሪያም ራሱ ኮምፒውተር ነው። የማመልከቻው ቅጂ በኋላ ከስልክ ኩባንያውም ሆነ ከመድን ድርጅት ጋር ለሚደረገው ክርክር ይጠቅማል።

በነጋዴው ዘንድ ስልክ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ የሚታይ የቢሮ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ማዞሪያው በቀጥታ ከድርጅቱ ኪስ ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ነው። ካዝናውን ቆልፎ፣ ዘበኛ አቁሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ባለድርጅት የስልኩንም በር መቆለፉን ማረጋገጥ ይገባዋል። ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ አብዛኞቹ በአንድ ባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ የሚያልቁ ናቸው። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉትም ለእንዲህ ያለው ነው።